በዕጣ የወጣው ፋይል

የእናቴ ቤት በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከውስጥ የታላቅ ወንድሜ የጋሼ ድምፅ ይሰማል። ለታካሚ የመድኃኒት አወሳሰድ ሲያስረዳ እንደሚያደርገው፣ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ እያስቀመጠ ነበር የሚናገረው።

«ማናት ብላ ከጠየቀችሽ፣ የክሊኒኩ ሠራተኛ ናት ትያለሽ። በቃ። ሌላ አትጨምሪበት።»

«እሷስ?» አለች እናቴ። «ብትሰማ ምን ትላለች?»

«እሷን ለኔ ተይልኝ።»

የጎዝና የፋሻ ቦርሳዬን በትከሻዬ እንዳንጠለጠልኩ ደረጃው ራስ ላይ ቆምኩ። ስለ ማን እንደሚያወሩ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ከክሊኒኩ ወደዚህ ቤት የሚመጣ ከኔ በቀር ሌላ ሴት የለችም። ያልገባኝ፣ እናቴ እኔ ማን እንደሆንኩ ለመናገር ልምምድ ያስፈለጋት ለምን እንደሆነ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግኩና አንኳኳሁ። ጋሼ ወጥቶ በሩን ከኋላው ሳብ አደረገው። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ከርሟል፤ ብርሃን የሚመጣው ከታች ከመግቢያው ብቻ ስለሆነ ግማሽ ፊቱ አይታይም። ከጎረቤት የልብስ ሳሙና ይሸታል። ወንድሜ በሥራ ቀን በዚህ ሰዓት እኔም በነርስነት በምሠራበት ክሊኒኩ ውስጥ እንጂ እዚህ አይገኝም፤ ነጭ ጋውኑን ሳያወልቅ ኮት ደርቦበት ነበር የመጣው።

«እቴ» አለኝ። እቴ የሚለኝ አንድ ነገር ሲፈልግ ነው።

ነገሩን የነገረኝ ሐኪም ለበሽተኛ በሚነግርበት መንገድ ነው፤ ቀላሉን አስቀድሞ። የጤና መድን ኦዲተሮች ሰኞ ዕለት ክሊኒካችን መግባታቸውን እኔም አውቃለሁ፤ መርፌ ክፍሉን ለቀንላቸው ጠረጴዛ አስገብተናል። የሁለት ዓመቱን ፋይል ሁሉ መፈተሽ ስለማይችሉ ጥቂቱን በዕጣ አወጡ አለኝ። ከወጡት አንዱ የእማዬ ነው። ዛሬ ጠዋት ከኦዲተሮቹ አንዷ እዚህ ድረስ መጥታ ልታነጋግራት ነው።

«ታነጋግራት» አልኩት። «እግሯ እየዳነ ነው። ምን ያስፈራል?»

«የቅርብ ዘመድ ላከመው መድን አይከፍልም። ልጅ እናቱን ቢያክም፣ ሚስት ባሏን ብታስታምም፣ ሒሳብ አይጠየቅበትም። መመሪያው እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እና ማን ሒሳብ ጠየቀ?»

መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። እናቴ ስኳር አለባት፤ የግራ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የወጣው ቁስል አልሽር ካለ ወዲህ በእረፍት ቀኔና አንዳንድ ቀን ከሥራ ስወጣ እየመጣሁ የምጠርግላት እኔ ነኝ። ጋሼ ከክሊኒኩ ስቶር ጎዝና ፋሻ እንድወስድ ፈቅዶልኛል። በወሰድኩ ቁጥር ለስቶር ሒሳብ ነው እያለ ቅጽ ያስፈርመኛል፤ እኔም ሳላነብ እፈርማለሁ። ወንድሜ ለእናቱ የማይሰስት ሰው መሆኑን ለስንቱ ሰው አውርቼለታለሁ። ያ ሁሉ ፊርማ የጎዝ መውሰጃ ሳይሆን የቤት ለቤት ሕክምና ማስረጃ ሆኖ ወደ መድን መሥሪያ ቤት ሲሄድ እንደከረመ የገባኝ እዚያ ደረጃ ላይ፣ ንጹሑን መነጽር ደጋግሞ ሲጠርግ ሳየው ነው።

«ነገሩ የእማዬ ብቻ ቢሆን ከኪሴ አውጥቼ እመልስላቸው ነበር» አለ። «ግን እንደዚያ አይደለም የሚያሰሉት። በዕጣ በወጡት ላይ ያገኙትን ስሕተት በሁሉም ፋይል ላይ እንዳለ አድርገው ነው የሚቆጥሩት። በእሷ አንድ እግር የተነሳ የስንት ሰው እግር ተጠይቀን ልንመልስ ነው። ክሊኒኩ ይዘጋል። ካርድ ክፍል የምትሠራዋ፣ ላብራቶሪው፣ ዘበኛው፣ ሁሉም ሜዳ ላይ ነው የሚወድቀው። አንቺም ጭምር።»

«እኔን ብትጠይቀኝ ምን ልበል?»

«የምትጠይቀው ታካሚዋን ነው። ደግሞ የአባትሽ ስም ከኔ አባት ስም ይለያል። ወረቀት ላይ እኮ ዘመድ አይደለንም።»

የመጨረሻዋን የተናገራት ዕድል እንደቀናው ሰው ነው። እውነት ነው፣ አባታችን አንድ አይደለም። የሱ አባት ሞቶ፣ የኔ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ ቀርቶ፣ እናታችን ሁለታችንንም ብቻዋን ነው ያሳደገችን። በልጅነታችን ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ ግማሽ እህትህ ብሎ ቢያወራ፣ ጋሼ ግማሽ የሚባል ነገር ምን እንደሆነ በጡጫ አሳይቶት ነበር። ካደግን በኋላም ለሰው ሲያስተዋውቀኝ «የእናቴ ልጅ ናት» ይል ነበር እንጂ እህቴ እንኳ አይልም፤ እህት አነሰችበት መሰለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወረደ። ኦዲተሯ እዚህ እንድታገኘው አልፈለገም።

እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ፣ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ሰው ቤት ስትሄድ የምትለብሰውን ቀሚስ ነው የለበሰችው። ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም ለኔ ሥራ ይመቻል፦ መስኮቱ በስተግራዋ ስለሆነ ብርሃኑ በቀጥታ ቁስሉ ላይ ያርፋል፤ ውሃው ከኩሽናው ቧንቧ ቅርብ ነው። ግድግዳው ላይ የጋሼ የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል። የኔ ደግሞ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው፣ ከመድኃኒት ካርቶኖቹ ጀርባ። እጄን ታጠብኩ፣ ላስቲኩን ከእግሯ ሥር አነጠፍኩ፣ የጨው ውሃውን ለብ እንዲል ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩ። እሷ እጄን ታያለች እንጂ ዓይኔን አታይም።

«ታክሲ ቶሎ አገኘሽ?»

«አገኘሁ።»

«ጨምረዋል አሉ።»

«ጨምረዋል።»

«እነሱማ ምን አለባቸው» አለች።  ከላይ ፎቅ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ራሷ ታነሳው ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። «ልጄ፣ ወንድምሽ እንዲህ በይ ብሎኛል፣ አንቺ ምን ትያለሽ» ብትለኝ ምናልባት እሺ እል ነበር። ሳስበው እሺ ነበር የምለው። እሷ ግን የቀሚሷን ጫፍ ጉልበቷ ላይ ታስተካክል ጀመር፤ አስተካክላ ከጨረሰች በኋላም ደግማ አስተካከለችው።

ኦዲተሯ ደረጃው አድክሟት እያለከለከች ገባች። ጎልማሳ ናት፤ ዝቅ ያለ ጫማ፣ ትልቅ የትከሻ ቦርሳ፣ በክር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ መነጽር። እንደዚህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ፊቱን የሚያኮሳትር ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ግን ለእናቴ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች፣ ወንበር ስላቀረብኩላት አመሰገነችኝ። በቅድሚያ ቁስሉን ማየት እንደምትፈልግ ተናገረች። ፋሻውን ፈታሁት። የመጨረሻውን ጎዝ ሳይደማ እንዲለቅ በጨው ውሃ አርጥቤ ቀስ ብዬ አነሳሁት። አንድ ጊዜ የመዳፍ ያህል የነበረው ቁስል አሁን ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፤ ዳሩ ሮዝ ሆኖ ወደ መሃል እየተሰበሰበ ነው፤ ሽታ የለውም።

«ጥሩ እጅ ነው» አለች ኦዲተሯ አጎንብሳ እያየች። «እኔም ከዚህ ሥራ በፊት ነርስ ነበርኩ። እንዲህ ሆኖ የሚድን አላየሁም።»

ደስ አለኝ። በዚያ ሰዓት ደስ ማለቱ ይገርማል፤ ግን ደስ አለኝ። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ቅጽ አወጣችና በረጅሙ አነበበችላት፦ የሚሰጡት ቃል ለመንግሥት ገንዘብ ማስመለሻ ማስረጃ ይሆናል፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ የመድን ካርድዎ ይታገዳል፤ ይህን ተረድተዋል ወይ?

«ተረድቻለሁ» አለች እናቴ።

«ይህን ቁስል የሚጠርግልዎት ማነው፣ እማማ?»

«ይቺው ናት። የክሊኒኩ ሠራተኛ።»

«ዝምድና አላችሁ?»

«የለንም።»

ጋሼ ያስጠናት እዚህ ድረስ ነበር። ኦዲተሯ ጻፈች። ስትጽፍ ትንሽ ጊዜ ወሰደች። ሌላ ጥያቄ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት እናቴ ቀደመቻት።

«ሴት ልጅ አልወለድኩም እኔ። አንድ ወንድ ነው የሰጠኝ። እሱም ይበቃኛል።»

ይህን ማንም አልጠየቃትም። ጋሼ ሌላ አትጨምሪበት ብሏት ነበር፤ እሷ ጨመረችበት። መቆንጠጫው በእጄ ነበር፣ ጎዝ ይዤበት ነበር፣ ጎዙ ላስቲኩ ላይ ወደቀ። ኦዲተሯ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺስ? በአንቺ በኩል ዝምድና አለን ትያለሽ?»

«እናቴ ናት» አልኳት።

አስቤ አይደለም። ክሊኒኩን፣ ዘበኛውን፣ የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ ረስቼ አይደለም ማለት አልችልም፤ ረስቼ ነው። ኦዲተሯ እስክሪብቶዋን አቁማ መጀመሪያ የኔን ፊት፣ ከዚያ የእናቴን አየች። አንመሳሰልም። እኔ ቁርጥ አባቴን ነኝ፤ እናቴ ይህን ስትናገር ሁልጊዜ እንደ በደል አድርጋ ነበር።  እናቴ ግን ሳቅ አለች፤ የአፍ ብቻ ያልሆነ፣ ዓይኗ ጭምር የሳቀበት ሳቅ ነበር።

«አይ እሷ!» አለች። «እንዲህ እያለች ነው የምታስቀኝ። ቁስሌን ስትጠርግ አፍራለሁ፣ ሰው እግሬን ሲነካው አልወድም። እሷ ታዲያ፣ እናቴ ነሽ፣ ከኔ ምን ታፍሪያለሽ ትለኛለች። ደግ ናት። የወለድኳት ብትሆን ምን ነበረበት።»

ኦዲተሯም ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ልቡ የተነካ ሰው ፈገግታ ነው። በእጅሽ ማስረጃ አለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም ሌላ ነገር። በመመሪያው የታካሚዋ ቃል እንደሚያዝ፣ ያን የሚያፈርስ ሰነድ ካለ ግን ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት ክሊኒኩ ድረስ ባመጣላት ከፋይሉ ጋር እንደምታያይዘው ነገረችኝ። ለእናቴ ቶሎ ይሻልዎት ብላ ወጣች፤ እኔም ደረጃው ጨለማ ስለሆነ ልሸኛት ተከተልኳት። መሐል ላይ ትንፋሽ ልትወስድ ቆም አለች።

«ይህ የዘመድ ነገር ብዙ ክሊኒክ ይገጥመዋል» አለችኝ። «ወንጀል አድርገን አናየውም። ለኦዲት እንመጣለን የሚለው ደብዳቤያችን ሳይደርሰው በፊት ተሳስቼ ነው ብሎ ራሱ ያሳወቀ፣ የዚያችኑ ታካሚ ገንዘብ ብቻ መልሶ ይገላገላል። ችግሩ የሚደብቁት ሰዎች ናቸው።»

ስመለስ ቁስሉ ተከፍቶ ነበር የጠበቀኝ። ቁስል ተከፍቶ አይተውም። ጓንት ቀየርኩ፣ ጠረግኩት፣ አዲስ ጎዝ አደረግኩበት፣ ከእግር ጣቶቿ ጀምሬ ወደ ላይ ሳላጠብቅ ሳላላላ ጠቀለልኩት። እናቴ እስክጨርስ ጠበቀች።

«ተናደድሽ?» አለች።

«አንድ ወንድ ነው የሰጠኝ በይ ያለሽ ጋሼ ነው?»

«የቱን?» አለች። ከዚያ ገባት። «እሱስ ከራሴ ነው የመጣልኝ። እንዲያ ካላልኩ የምታምነኝ አልመሰለኝም።» ትንሽ ኩራት ነበረበት አነጋገሯ፤ በስተርጅና አእምሮዋ እንዳልደነዘዘ ለራሷ ያሳየች ያህል። «እሱ ቤተሰብ አለው፣ የሰው እንጀራ በእጁ ነው። ይህን ቤት የሚከራይልኝ እሱ ነው። እሱ ከተቀየመኝ ይርቀኛል። አንቺ መቼም አትርቂኝም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ስለማውቅሽ ነዋ።»

ላስቲኩን አጥፌ፣ የቆሸሸውን ጎዝ በከረጢት አስሬ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ምሳ ሳትበዪ ስትለኝ ሰምቻታለሁ። የተከራየሁት ክፍል ከዚያ በታክሲ ሩቅ አይደለም። ምስክር ወረቀቱ ሻንጣዬ ውስጥ፣ ከትምህርት ማስረጃዎቼ ሥር ነበር፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ ማኅተሙ ግን ይነበባል። የእናት ስም በሚለው ላይ የእሷ ስም እስከ አያቷ ድረስ ተጽፏል። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ብዙ አየሁት። ሰው ይህን ወረቀት የሚያወጣው ሥራ ሲቀጠር ወይም ከአገር ሲወጣ ነው። ለእናቱ ሊያሳየው ያወጣ ሰው አላውቅም።

ክሊኒኩ ስደርስ የማታ ተረኞች እየገቡ ነበር። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በመስኮቷ አየችኝና ወዲያው አንገቷን ደፋች። ከአምስት ዓመት በላይ አብረን ሠርተናል፤ እናቴን በስሟ ነው የምትጠራት፤ ስትወልድ እናቴ ናት ገንፎ ይዛ የጠየቀቻት።

«ስለ እኔ ጠየቀችሽ?» አልኳት።

«ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«እዚህ ሁላችንም እንደ ቤተሰብ ነን አልኳት» አለችና ማኅተሟን አንስታ ባዶ ወረቀት ላይ መታች። «ምን ልበል እኔ? የቤት ኪራይ አለብኝ።»

ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። ኦዲተሯ ምን እንደነገረችው አላውቅም፤ ቦርሳዬን ግን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ይዤ ሲያየኝ ውስጡ ምን እንዳለ አወቀ። ዕቃ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ አስገብቶ በሩን ገፋው። የአልኮል ሽታ፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ ተደፍተው የሚደርቁ ሳህኖች።

«መድን ለዘመድ እንደማይከፍል ይህን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ነበር?» አልኩት። «ቀድመህ ብትናገር የሷን ብቻ መልሰህ ታልፍ ነበር ይላሉ።»

«ያንዲት አሮጊት እግር ማን ያየዋል ብዬ ነው። በዕጣ እንደምትወጣ በምን ልወቅ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ እቴ። ለባዳ ነው የዋሸነው። ለባዳ መዋሸት ምንድን ነው?»

«እማዬ የካደችውስ ባዳ ነው?»

 ቧንቧውን ሊዘጋው ሞከረ፤ ያ ቧንቧ እንደማይዘጋ ሁላችንም እናውቃለን።

«እሺ፣ እኔን ተይኝ» አለ በመጨረሻ። «ክሊኒኩንም ተይው፣ ይዘጋ። አንቺ ግን ልጇ ነኝ የሚል ወረቀት ይዘሽ ስትገቢ፣ እሷ ዋሽታለች ማለት ነው። ካርዷን ያግዱታል። መርፌዋ፣ የሆስፒታል ክትትሏ፣ ሁሉም በዚያ ካርድ ነው። እሷ በዚህ ዕድሜዋ ያለ ካርድ ስንት ወር የምትቆይ ይመስልሻል? ከኔ የተሻለ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

አውቃለሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜም አውቀው ነበር። ጠዋት አንቀጹ ሲነበብላት ሰምቻለሁ፤ ተረድቻለሁ ስትልም ሰምቻለሁ። ያልተረዳሁት እኔ ነበርኩ፤ እናቴ የተረዳችው ግን ይህንንም ጭምር መሆኑን አሁን ተረዳሁ። ልጇ ስለሆንኩ ልጇ መሆኔን ማስረዳት እንደማልችል ገና ከአልጋዋ ሳትነሳ አስልታዋለች።

ኦዲተሯ መርፌ ክፍሉ ውስጥ ፋይሎቹን በክር እያሰረች ነበር። ቀኑ አድክሟታል፤ ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አውልቃለች። እንድቀመጥ በእጇ አሳየችኝ። ጋሼ ሻይ ይዞላት ገባና ስኒውን ካስቀመጠ በኋላ አልወጣም፤ የበሩን መቃን ተደግፎ ቆመ።

«አመጣሽው?» አለችኝ።

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከፋሻዎቹ መሐል ነበር።

«የለኝም» አልኳት። «ጠዋት ያልኩት ከአፌ አምልጦኝ ነው። እንደ እናቴ ስለማያቸው ነው።»

«ገብቶኛል» አለች። «እሳቸውም ብለውኛል።» ቅጹን አውጥታ ዝምድና የለም በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች፣ ወደኔ አዙራ የምፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ። ፈረምኩ። ጋሼ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። ኦዲተሯ ቅጹን ከፋይሉ ጋር አስራ፣ ከሌሎቹ ላይ ደርባ፣ ሻይዋን አነሳች። ከእንግዲህ ሥራ አልቆ ወሬ ነበር የምታወራው።

«የሰው እናት እንዲህ የምታስታምሚ» አለችኝ በደግነት፣ «የራስሽን እናትማ ምን ታደርጊያት ይሆን። አለችልሽ?»

ወደ ጋሼ አየሁ። እሱ ወለሉን ያያል።

«ነበረችኝ» አልኳት።

ስኒዋን መልሳ አስቀመጠች። «አይ የኔ እህት። ነፍስ ይማር።»

ዝም ብንል ያስነውራል፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ቆሟል፤ እሷም አንድ ነገር እስኪል ድረስ ቀና ብላ አየችው። ጋሼ ከበሩ መቃን ቀና አለ።

«ነፍስ ይማር» አለኝ።